ጀርባውን ለባሕር

በዳርዊን ከተማ ኅዳር ሲገባደድ፣
አየሩ እንደ ድስት ክዳን ላያችን ላይ ሲከብድ፣
ሸሚዝ ከገላ ጋር ሲጣበቅ እንደ ቆዳ፣
ውሻው እንኳ ሰልችቶት ሲዘረር ከጓዳ፣
ማንጎ ከዛፍ ወድቆ ሲፈላ አስፋልት ላይ፣
ሲያምጥ ውሎ፣ ሲያምጥ አድሮ፣ ሳይገላገል ሰማይ፣
ባልና ሚስት ሳይቀር ተኳርፎ በከንቱ፣
ማን አጠፋ ሲባል፣
«እኔ አይደለሁም፤ ሙቀቱ ነው፣ ሙቀቱ!»

ያኔ ነው እንግዲህ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣
ሰፈሩ በሙሉ፣ ታጣፊ ወንበሩን በብብቱ ሸጉጦ፣
ወደ ባሕሩ አፋፍ ግልብጥ ብሎ የሚዘልቅ፤
ትኬት የማይቆረጥበት፣
የሚጀምርበትን ሰዓት ማንም የማያውቅበት
ትርዒት ሊያይ፤
አንዳንዴም ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ አንዲት ጠብታ ሳያይ
ወንበሩን አጥፎ ሊመለስ ቤቱ፣
ከነላቡ፣ ከነኩርፊያው፣ ከነሚስቱ።

እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤
ቀኑን ሙሉ በመስተዋት የሰው ፊት ሳይ የምውል፤
ማታ ግን ሰው በቃኝ፤ ዓይኔን ሰማይ ላይ እጥላለሁ፣
ያለ ፌርማታ፣ ያለ ውል።

አጠገቤ ሊጋያ አለች፤ ስምንት ነው ዓመቷ፣
ከፊሊፒንስ የመጣች ነርስ ናት እናቷ፤
ብልጭ ሲል ጀምራ፣ ነጎድጓዱ እስኪደርስ ጣቷን አጥፋ ትቆጥራለች፤
ለሦስት አካፍላ፣
«አምስት ኪሎሜትር!» ትለናለች፤
ዳኛችን ናት፤ ማንም አይከራከራት።
ባለፈው ስትሳሳት፣ ዊልሞት ዓሣ ጠባሹ
የፈላ ዘይቱ ላይ ዝናብ ወረደበት፤
እሱም ቢሆን አልተቆጣት።

መጀመሪያ ደመናው እንደ ባዘቶ ነጭ ከውኃው ማዶ ይቆለላል፤
ከዚያ ሆዱ ይጠይማል፤
ከዚያ እንደ ተመታ ጉልበት ይበልዛል።
ባሕሩ ዝም።
ወፉም ዝም።
እንቁራሪት ብቻ ነው አላስችል ያለው፣
በየቱቦው ሥር ሲያጉተመትም።
ከዚያ አንድ ነፋስ፣ ቀዝቃዛ፣
ልክ የፍሪጅ በር እንደ ተከፈተ፣
የአንዱን ቀሚስ ገልቦ፣ የአንዱን ባርኔጣ ይዞ ሲያልፍ፣
የራሰ አፈር ሸተተ።
«እሰይ!» እንላለን ባንድ አፍ። ገና ምኑም ሳይጀመር
ሙቀት ያጣላን ሁሉ እንደ አዲስ ስንፋቀር።
እና ወረደ፤
ያ መርፌ፣ ያ ነጭ ክር፣
ሰማዩን ከባሕሩ ጠቅሞት ሳይጨርስ፣ ትርትር!

ሳኬላሪስ ብቻ፣
ሰማንያ ያለፈው፣ በወጣትነቱ ከግሪክ ደሴት የመጣ ግንበኛ፣
ወንበሩን ሲዘረጋ ጀርባውን ለባሕር፣ ፊቱን ለእኛ።
አንዱ ዓይኑን ነው ይላል፤ ሌላው ጃጅቷል ብሎ ያማል፤
እሱ ግን ጢሙን እያሻሸ በየማታው ይመጣል።

አንድ ማታ ጠየቅሁት።

«ያን የገና ሌሊት» አለኝ፣
«አውሎ ነፋሱ ከተማዋን እንደ ካርቶን የቀደደ ለት፣
እኔና ካሊዮፒ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነበርን፤
ድቅድቅ፣ ዓይን ቢወጉት የማይታይበት።
ጣሪያው ሲሄድ ሰማሁ። ግድግዳው ሲሄድ ሰማሁ።
እሷን ግን አልሰማሁ።
እጇን ይዣለሁ፤ ፊቷን ግን ጨለማው ነጠቀኝ፤
ታልቅስ፣ ትሳቅ፣ ትሙት፣ ትኑር፣ ማን ይንገረኝ?
ሲነጋ አየኋት፤ ጭቃ ብቻ፤ የምስማር ጭረት ግንባሯ ላይ።
ሳቀች።
ጣሪያ ብላ ቀና ስትል፣ ሰማይ።
መብረቅ እንደሁ ጠግቤአለሁ፤ ፊት ግን...»
አልጨረሰም፤ ዝም አለ።
ከድንቼ አንዷን አንሥቶ፣ «ጨው በዝቶበታል» አለ።

ትናንት ማታ፣ ሊጋያ «አንድ...» ብላ «ሁለት» ሳትል
ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ወንበር ሲገለበጥ፣ ዊልሞት ሲሳደብ፣
ሰው ሁሉ ሲጮኽ፣ ሲዘል፣
እኔ፣ ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣
እንደ ሽማግሌው ዞርሁ፤ ለአንዲት ቅጽበት ብቻ።
«አየኸው? አየኸው?» ይሉኛል፤
የዓመቱ መብረቅ፣ ለሦስት ተሰንጥቆ፣
የቆሙትን መርከቦች ከነምሰሷቸው አድምቆ።
አላየሁትም።
እኔ ያየሁት ሊጋያን ነው፤
አፏን ከፍታ፣ አንዲት የላይ ጥርሷ ጎድሎ፣
ዓይኗ ሳህን አክሎ፣
የመጀመሪያዋ ጠብታ ምላሷ ላይ።